የአባቴ ሸራ በባሌ እጅ

ባሌ ልጅነቴን የራሱ አድርጎ ሲያወራ የሰማሁት ሐርጌሳ ውስጥ፣ 26 ጁን ሰፈር፣ አሠሪዬ ግቢ ልብስ እያሰጣሁ ነው።

አሠሪዬ ሸምገል ያሉ የአገሩ ሰው ነበሩ። ጉልበታቸውን የጨረሱት በትልልቅ መርከቦች ሆድ ውስጥ፣ ሞተር ክፍል ነው። በፊተኛው ጦርነት ሐርጌሳ ተደብድባ ስትፈርስ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ኢትዮጵያ ተሰደው፣ ስደተኛ ጣቢያ ብዙ ጊዜ ስለቆዩ አማርኛ ይችላሉ። እንደ አገሩ ወግ «አዴር» እንላቸው ነበር፤ አጎቴ እንደማለት ነው። እኔ እሳቸው ቤት አበስላለሁ፣ አጥባለሁ፣ እግራቸው አልታዘዝ ያላቸውን ባለቤታቸውን አነሣለሁ፣ አስቀምጣለሁ።

ባሌ አናጺ ነው። ያን ሰሞን ግን ሥራ አልነበረውም። ከተማዋ ከፍርስራሽዋ ቀና ማለት ስትጀምር፣ ትናንት አብረው የታገሉ ሰዎች እርስ በርስ ተጣልተው ኤርፖርቱ አካባቢ ተኩስ ተከፈተ። ቤት ያሠራ የነበረው ሁሉ ጅምሩን ትቶ ተቀመጠ። ባሌ ጠዋት መሐመድ ሞጌ ሰፈር ካለችው ክፍላችን ይወጣል፣ መዶሻውን ቀበቶው ላይ ሻጥ አድርጎ ሲዞር ይውላል፣ ምንም ሳይመታበት ይመለሳል።

እንዲህ ሳለን ነው የአዴር ወንድም በርበራ የሞቱት። ለአዴር የደረሳቸው አንዲት አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ ነበረች። አናጺ እንደልብ የሚገኘው ሐርጌሳ ነው ብለው በጭነት መኪና አስጭነው አመጧት፤ ባሕር በሌለበት ከተማ፣ አቧራ መሀል፣ አራት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ነዳጅ ስለጠፋ ባለሞተሮቹ ጀልባዎች በርበራ ላይ ቆመዋል ይባል ነበር። ራቅ ብለው ከሚቆሙት መርከቦች ዕቃ ወደ ዳር የሚያመላልስ አልተገኘም። በንፋስ ብቻ የምትሄድ ጀልባ ያለው ሰው ያን ጊዜ ሥራ አለው። አዴር ግን የሚያውቁት ሞተር ነው፤ ስለ ሸራ ከባለቤታቸው አይሻሉም ነበር።

ባሌን ጠርተው ሣንቃዎቿን አሳዩት። መጠገን እንደሚችል ነገራቸው። ቀጥለው ሸራ የሚይዝ ሰው ያውቅ እንደሆነ ጠየቁት። «እኔው እይዛለሁ» አላቸው።

እርጥብ አንሶላ እጄ ላይ ነበር። ባሌ ከደጋ፣ ከወሎ ተራራ የመጣ ሰው ነው። ባሕር ያየው አሰብ ሥራ ፍለጋ ሲመጣ፣ በሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ አንድ ቀን አባቴ ጀልባ ላይ አውጥቶት ዳር እስኪደርስ ሲያስታውከው ነበር። አሁን አንሶላው ጀርባ ቆሜ ስሰማው፣ አባቱ በሰባት ዓመቱ ከጀልባ ኋላ አስቀምጦ ዓይኑን በሻሽ እያሰረ ንፋሱ የትኛው ጉንጩ ላይ እንደሚመታው ይጠይቀው እንደነበር ለአዴር ይተርካል። ሲሳሳት ጨዋማ ውሃ እንደሚረጭበት። ሻሹ ሰማያዊ እንደነበረ ሁሉ ነገራቸው።

ሻሹ የእናቴ ነበር። ጉንጩም የእኔ።

አንሶላውን ገመዱ ላይ አሰጣሁ። እዚያ ግቢ ውስጥ እኔ ልብስ አጣቢ ነኝ። ሥራ ደግሞ ያስፈልገናል። ቤት ገብተን በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የጠየቅሁት። አልካደም። አዴር ጊዜ ሳይሰጡት እንደጠየቁት፣ እሱም ከአፉ እንዳመለጠው ነገረኝ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና፣ «ሚስቴ ታውቃለች ብላቸው አንቺን ይቀጥሩሽ ነበር?» አለኝ።

እንደማይቀጥሩኝ አውቃለሁ። ያናደደኝም እሱ ነው።

አባቴ አሰብ ወደብ ላይ በትንሽ ሸራ ጀልባ መርከበኞችንና ቀለብ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። ሞተር ይንቅ ነበር። «ሞተር ያለው ሰው የወደቡን መቆሚያ ግንብ ሲያይ ወደኋላ ያስነሣል፤ ሸራ ያለው ሰው ከግንቡ በፊት ማሰብ አለበት» ይላል። ወንድ ልጅ ስላልነበረው እኔን ይዞኝ ይወጣ ነበር። ጀልባ እንዴት እንደሚነሣ፣ እንዴት ግንብ ሳይነካ እንደሚቆም ከእሱ ተማርኩ። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ ግን እናቴ አንድ ጠዋት ቀሚሴ እርጥብ ሆኖ፣ የወደብ ሰው ሁሉ እያየኝ ስገባ አግኝታኝ በቃ አለች። አባቴ አልተከራከራትም። ከዚያ ወዲህ ጀልባ የማየው ከሩቅ ሆነ። አገሩ ለሁለት ሲከፈል አሰብን ለቀን ወጣን፤ አባቴ ጀልባውን እዚያው አስሮ ተወ፣ ብዙም ሳይቆይ ዐረፈ። እኔና ባሌ በጅቡቲ በኩል ዞረን ሐርጌሳ ደረስን። ከአባቴ የቀረኝ ነገር ቢኖር ያ ትምህርት ነው፤ እሱንም ባሌ በአንድ ከሰዓት ወስዶ የራሱ አደረገው።

ግን አስተማርኩት። የማያውቀውን የሚያውቅ መስሎ ወጥቶ ባሕር ላይ እንዲሞት አልፈልግም ነበር። አዴር ለሶላት መስጊድ ሲሄዱ፣ ባለቤታቸውም ሲያሸልባቸው፣ ድንጋይ ላይ የተቀመጠችው ጀልባ ውስጥ እንገባለን። ግንቡ የግቢው አጥር ነው። ባሕሩ አቧራው።

መጀመሪያ ያስተማርኩት አመጣጡን ነው። ወደ ግንብ ስትመጣ ንፋሱ ፊትህን ይምታህ። ሸራው ንፋስ ሲይዝ ጀልባዋ ትሮጣለች፣ ገመዱን ስታላላለት ሸራው ይርገበገብና ጉልበት ያጣል። ጉልበት ካጣች በኋላ ግን ወዲያው አትቆምም፤ በያዘችው ፍጥነት ትንሽ ትሄዳለች። ያቺ ትንሽ ምን ያህል እንደሆነች ማወቅ ነው ጥበቡ ሁሉ። ባዶ ስትሆን የራሷን ርዝመት ሁለት ሦስት እጥፍ፣ ዕቃ ስትጭን ደግሞ እጥፉን ትሄዳለች። ቶሎ ካላላህ መንገድ ላይ ትቀራለህ፤ ከዘገየህ ግንቡን ትመታለህ። ከሁለቱ መቅረት ይሻላል፣ ዞሮ እንደገና መምጣት ይቻላልና።

ቀጥሎ አነሣሡን። ገመዱን ፈተህ ዝም ብለህ አትጠብቅ። የሸራውን ጥግ በእጅህ ይዘህ ወደ ንፋሱ በኩል ግፋው፤ ንፋሱ ከተሳሳተው ጎኑ ይመታውና የጀልባዋን ፊት ከግንቡ ያላቅቃል። ያን ጊዜ ወደኋላ ትሄዳለች። ወደኋላ ስትሄድ መሪው ተገላቢጦሽ ነው፤ ይህን ረስቶ ሰው ፊት ያላፈረ የለም።

ባሌ ሰማኝ። ችግሬ መስማቱ አልነበረም፤ ፈጥኖ የሚገባው መሆኑ ነው። የአናጺ እጅ ስላለው ጀልባዋን ከውስጧ ያውቃታል። አንድ ቀን ከኋላዋ ውሃ ውስጥ የሚገባውን የመሪዋን ሣንቃ ነቅሎ የኋላ ጠርዙን በመላጊያ አሳሳው። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ ውሃው እዚህ ጋ ተሰብሮ ይንቀጠቀጣል ብሎ እንዳሰበ ነገረኝ። የአባቴ መሪ ዕድሜውን ሙሉ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኛ ጀልባ ማለት የሚንቀጠቀጥ ነገር ነው ብለን እንኖር ነበር። ጥርሴን ነክሼ ጥሩ ነው አልኩት።

አዴር ሥራውን ሲያዩ እኔን ጠርተው፣ «ባልሽ ከባሕር የተወለደ ሰው ነው» አሉኝ። የያዝኩትን የሻይ ሰሃን እፊታቸው አስቀምጬ ወጣሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ባሌ ዋናውን ጥያቄ ጠየቀኝ። በርበራ ጠዋት ከምድር ወደ ባሕር፣ ከሰዓት ከባሕር ወደ ምድር እንደሚነፍስ ሰዎች ነግረውት ነበር። «ጠዋቱ ገባኝ» አለኝ፤ «ስመለስ ፊቴን ይመታኛል። ከሰዓት ስመለስ ግን ከኋላዬ ነው የሚገፋኝ። ገመዱን ባላላውም ሸራው ንፋስ መያዙን አይተውም። እንዴት ነው የምቆመው?»

መልሱን አውቃለሁ። አባቴ ንፋሱ ከኋላ ሲሆን ገና ከግንቡ ራቅ ብሎ ሳለ ጀልባዋን ወደ ንፋሱ ያዞራታል፣ ሸራውን ሙልጭ አድርጎ ያወርዳል፣ ከዚያ ፊቷን መልሶ በባዶ ምሰሶ ይገባል። ራቁቱን የቆመው ምሰሶና የጀልባዋ ጎን ብቻ የሚይዙት ንፋስ ቀስ አድርጎ ዳር ያደርሳታል። ወደ አፌ መጣ። ከዚያ ልመልስለት ስል የእናቴ ሰማያዊ ሻሽ ትዝ አለኝ።

«አባቴ በዚያ ንፋስ አይገባም ነበር» አልኩት። «ጠዋት ጨርስ።»

አመነኝ። አንድ ነገር ለራሴ ላስቀር ብዬ ነው እንጂ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ሲያድር ግን ያቺን ነገር ከሁሉ በላይ ወደድኳት። ሸክላ ድስት ሳጥብ፣ አንሶላ ስጨምቅ፣ እሱ የማያውቀውን አውቃለሁ እያልኩ እጽናና ነበር።

ጀልባዋ በተጠገነች በሳምንቷ ከባድ መሣሪያ ከተማው ውስጥ መውደቅ ጀመረ። ሰፈሩ በአንድ ጠዋት ባዶ ሆነ። ሌላው ሰው ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ሲጎርፍ አዴር በርበራ ዘመድም ጀልባም አለኝ ብለው የጭነት መኪና ፈለጉ። ጀልባዋን ከነምሰሶዋ ላዩ ላይ አሰሩ፣ ባለቤታቸውን ፍራሽ አንጥፈን ጀልባዋ ውስጥ አስተኛናቸው፣ እኛም ዙሪያቸውን ተቀመጥን። እንዲህ ሆነን፣ ጀልባ ውስጥ ተሳፍረን በደረቅ መንገድ ወረድን። ባለቤታቸው መንገዱን ሙሉ ቁርአን ይቀራሉ፤ እኔ በልቤ ማርያምን እጠራለሁ። ባሌ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር መሪውን በእጁ ደግፎ ይይዝ ነበር፤ እንዳይሰበርበት።

በርበራ ላይ ከዳር ወደ ባሕር ገባ ያለ አጭር የድንጋይ ግንብ ነበር፣ ትናንሾቹ ጀልባዎች የሚታሰሩበት። የመጀመሪያው ቀን ልይ ብዬ የአዴርን ባለቤት ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ ሄድኩ። ጠዋት ነው። ንፋሱ ከምድር ወደ ባሕር ግንቡን ተከትሎ ይነፍሳል፤ ጀልባዋ ፊቷን ወደ ምድር ሰጥታ ታስራለች። ባሌ ገመዱን ፈታ። የሸራውን ጥግ ያዘና ወደ ውጭ ገፋው። ፊቷ ከግንቡ ተላቀቀች፣ ወደኋላ መንሸራተት ጀመረች። አሁን መሪውን ይስታል ብዬ ጠበቅሁ። አልሳተም። ተገላቢጦሹን አስታውሶ በቀስታ አዞራት፣ ሸራው ጧ ብሎ ሞላ፣ ሄደ።

ግንቡ ላይ የተቀመጡት ሰዎች በሶማልኛ የሆነ ነገር ተባባሉ። ማመስገናቸው እንደሆነ ለመረዳት ቋንቋ አያስፈልግም። እኔ ከውስጤ አንድ ነገር የተነቀለ ያህል ቆሜ ቀረሁ። ከዐሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ ውሃ ላይ አልወጣሁም። እሱ ባስተማርኩት ቃል፣ በአባቴ ቃል፣ ከፊቴ ተነሥቶ ሄደ፤ እኔ ደግሞ ዓሣ ላጥብ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከቀትር በፊት ጨርሶ ይገባል። ቅንድቡ ላይ ጨው ደርቆ ይመጣና ሊነግረኝ ይቸኩላል። ዛሬ እንዲህ መጣሁ፣ ገመዱን እዚህ ጋ አላላሁ፣ ግንቡ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመች። መጀመሪያ ሰሞን ሰማሁት። በኋላ ግን ጥፋት መፈለግ ጀመርኩ። ዘግይተህ ነው ያላላኸው እለዋለሁ። ስንዝር ምን ያደርጋል፣ አባቴ እንቁላል ቢኖር አይሰብረውም ነበር እለዋለሁ። አንድ ቀን በጉጉት ጀምሮ መሀል ላይ ፊቴን አየና «ተይው» ብሎ ተወው። ከዚያ ወዲያ ምንም አይነግረኝም። ያ ደግሞ ባሰብኝ፤ ግንቡ አጠገብ ከሚቆሙት ሴቶች ወሬ ስቃርም መዋል ጀመርኩ። ካፕቴን ይሉታል አሉኝ። ለቀልድ ነው አሉኝ። ለቀልድም ቢሆን አባቴን ማንም ካፕቴን ብሎት አያውቅም።

ሁለት ወር እንዲህ አለፈ።

ያን ቀን መርከቡ ላይ ጭነቱ ዘገየ። አዴር ዕቃውን ራሳቸው ሊረከቡ አብረው ሄደው ነበር። ቀትር አለፈ። ምሳ በሳህን ቋጥሬ ወደ ግንቡ ስሄድ ቀሚሴ ከፊቴ እግሬ ላይ ተለጠፈ። ንፋሱ ዞሯል፤ ከባሕር ነው። ቀና ስል ሸራውን አየሁት።

ሞልቶ ይመጣል። ሩዝ እስከ አፏ ጭናለች፣ አዴር ጆንያው ላይ ተቀምጠዋል፣ ባሌ ከኋላ መሪውን ይዟል። ከዚያ ርቀት እንኳ ገመዱን ሲያላላ፣ ሸራው ሳይሰማው ሲቀር፣ እንደገና ሲያላላ ይታየኛል። ጊዜ ነበረኝ። ይህን ለራሴ ዋሽቼ አላውቅም። ድምፄ የሚደርስበት ቦታ ላይ ቆሜ ሳህኑን ይዤ፣ «አሁን ያዩታል» አልኩ በልቤ። ካፕቴናቸውን ያዩታል። ይህን አሰብኩና እስክጨርሰው ቆየሁ።

ከዚያ ሳህኑን ጥዬ ሮጥኩ። «ሸራውን አውርድ!» ብዬ ጮኽኩ። «አሁን! ሸራውን ጣለው!»

ሰማኝ። ዘሎ ገመዱን ፈታው፣ ሸራው አዴር ላይ ተከመረ፣ ግን ዕቃ የጫነች ጀልባ በያዘችው ፍጥነት ትመጣለች። ባሌ ወደፊት ሮጦ ግንቡን በእጁ ሊገፋ ዘረጋ። የሣንቃውን ድምፅ ሰማሁ። የእሱን ድምፅ አልሰማሁም፤ አልጮኸም።

አዴር ጆንያ ለጆንያ ተንከባለው ከእግራቸው መላላጥ በቀር ምንም አልሆኑም። የጀልባዋ ፊት ሁለት ሣንቃ ተሰነጠቀ። የባሌ ግራ እጅ ግን በሣንቃውና በድንጋዩ መሀል ገብቶ ነበር። ሆስፒታል ትንሿን ጣቱን ቆረጡለት፤ ቀጥላ ያለችው ጠማማ ሆና ዳነች። እኔ ቀኝ እጁን ይዤ ቆሜ ነበር። «ሸራ ማውረዱን ታውቂ ነበር?» አላለኝም። ጣራውን ነው ያየው።

የጠየቁኝ አዴር ናቸው። በሦስተኛው ቀን ገንፎ ስሰጣቸው አስቀመጡትና፣ ሸራው ይውረድ ያልኩት ከየት አምጥቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ለመዋሸት ጉልበት አልነበረኝም። አሰብን፣ አባቴን፣ ጀልባውን ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ዓይኑ በሻሽ የታሰረው ልጅ» አሉ በመጨረሻ፣ «አንቺ ነበርሽ?»

«አዎ አዴር።»

ይቆጣሉ፣ ሁለታችንንም ያባርሩናል ብዬ ጠበቅሁ። ማንኪያውን አንሥተው ገንፎውን ጀመሩ። ሲጨርሱ ባሌ ሌላ አናጺ ይዞ ሣንቃዎቹን እንዲያስጠግን፣ ጀልባዋ ስትደርስ ደግሞ እኔ ባሕር ላይ ወጥቼ የምችለውን እንዳሳያቸው ነገሩኝ። ሰው ምን ይላል ስላቸው፣ እሳቸው ካሉበት ጀልባ ላይ ማንም ምንም እንደማይል፣ ቢልም የሚበላ ሩዝ የሚያመጣለት ማን እንደሆነ ቆም ብሎ እንደሚያስብ ነገሩኝ።

የወጣሁት በአንድ ጠዋት ነው። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አጥብቄ አሰርኩ፣ ፀጉሬን ሸፈንኩ። አዴር መሀል ተቀመጡ። ባሌ እጁን በጨርቅ ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ግንቡ ላይ ቆሟል። ገመዱን የፈታልኝ እሱ ነው፤ በቀኝ እጁ።

የሸራውን ጥግ ይዤ ገፋሁት። ፊቷ ተላቀቀች። ወደኋላ ስትንሸራተት መሪውን አዞርኩ፤ አልተንቀጠቀጠም። ያ የሳሳ ጠርዝ ውሃውን እንደ ቅቤ ሲከፍለው እጄ ላይ ተሰማኝ። ሸራው ሞላ። የቀኝ ጉንጬን ንፋሱ መታው። ያለቀስኩ እንደሆነ አላውቅም፤ ፊቴ ርጥብ ነበር፣ ባሕሩም ይረጫል። አዴር ወደ እኔ አላዩም፤ ወደ ፊት ብቻ ያያሉ።

መመለሱ ላይ አፈርኩ። ገመዱን ቶሎ አላላሁትና ከግንቡ አምስት ስድስት ክንድ ሲቀረን ቆምን። ሰዎቹ ሳቁ። ንፋሱ ወደኋላ ሲገፋን ሸራውን ሰብስቤ ዞርኩ፣ ሰፊ ክብ ሠርቼ እንደገና መጣሁ። ሁለተኛው ላይ አላላሁ፣ ቆጠርኩ፣ ጠበቅሁ። ጀልባዋ እየደከመች እየደከመች መጥታ ግንቡ አጠገብ ቆመች፤ በመሀላቸው መዳፍ ቢገባ ነው። አሁን ማንም አልሳቀም።

ቀና ብዬ ባሌን አየሁት። ፊቱን አወቅሁት። ጠዋት ጠዋት ዓሣ ሳጥብ፣ እሱ ሲሄድ ከግንቡ ስመለስ፣ ሁለት ወር ሙሉ እኔ ተሸክሜው የዞርኩት ፊት ነው። ደስ እንደሚለኝ አስቤ ነበር፤ ትንሽ ደስ አለኝም። ከዚያ ጨርቁ ላይ የወጣውን የደም ነጥብ አየሁ።

እዚያው ቀን ምሳ ላይ ነገርኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ግንቡ ላይ ያየሁት ፊት ሌላ መንገድ ስላልተወልኝ ይሆናል። ግቢው ውስጥ ስለ ከሰዓቱ ንፋስ ስትጠይቀኝ መልሱን አውቅ ነበር አልኩት። የጀልባዋንም አመጣጥ ቀድሜ እንዳየሁት፣ እንደዘገየሁ፣ ዘግይቼ ምን እንዳሰብኩ ሁሉንም ነገርኩት።

እንጀራውን ጠቅልሎ ይዞ ነበር። መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው። ተነሥቶ ወጣ።

ሳምንት ያህል አላናገረኝም። ያቀረብኩለትን ይበላል፣ ጨርቁን ስቀይርለት እጁን ይሰጠኛል፣ ቃል ግን የለም። እኔ ጠዋት ጠዋት ከአዴር ጋር እወጣለሁ፣ እመለሳለሁ። አምሮልኝ ስገባም የምነግረው ሰው አልነበረኝም። እሱ ሊነግረኝ ሲመጣ ፊቴን እንዴት አድርጌ እንደጠበቅሁት ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየሁት።

በስምንተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ሸራው ላይ ቀዳዳ እየጠቀምኩ ሳለ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እኔ የወሰድኩብሽ ወሬ ነው» አለኝ። «አንቺ ጣት ነው የወሰድሽብኝ።»

አዎ አልኩት።

ሸራውን ከጎኑ ይዞ ወጠረልኝ፣ መርፌዬ እንዲቀና። ቀዳዳው ተጠቅሞ ሲያልቅ፣ «አሁን አስተምሪኝ» አለ። «ምንም ሳታስቀሪ።»

አስተማርኩት። ከሰዓት፣ ንፋሱ ከባሕር ሲመጣ፣ ባዶ ጀልባ ይዘን ወጣን። ከግንቡ ርቀን ዞርን፣ ሸራውን ሙልጭ አድርገን አወረድን፣ በባዶ ምሰሶ ገባን። ዐሥር ጊዜ፣ ዐሥራ አምስት ጊዜ። እጁ ሲድን ጠዋቱን እኔ፣ ከሰዓቱን እሱ መሥራት ጀመርን። እውነቱን ልናገር፤ ከኋላ በሚመጣ ንፋስ ከእኔ በለጠ። አባቴ ያልነበረውን አንድ ነገር ጨመረበት፦ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ ከኋላ ይጥልና የባሕሩን ወለል እየጫረ ፍጥነቷን ይሰብራል። አንድ ከሰዓት ግንቡ ላይ ቆሜ ሲገባ እያየሁት ጥፋት ፈለግሁ። ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ፣ አጣሁ። ያ የማውቀው ቅናት ተነሣብኝ። ጣቱን አይቼም አልተኛልኝም።

«ዛሬ ጥሩ ገባህ» አልኩት። ለማለት ከባድ ነበር። እሱም ከባድ እንደነበር አውቋል፤ ፈገግ አለና ድንጋዩን መጎተት ቀጠለ።

ሐርጌሳ ሲበርድና ሰው መመለስ ሲጀምር አዴር ጀልባዋን ለወንድማቸው ልጅ ሊያስረክቡ ወሰኑ፤ ነዳጅም ስለተገኘ ሞተር ሊገጥምላት ነበር። የመጨረሻዋ ምልልስ ከሰዓት ላይ ወደቀች። ንፋሱ ከኋላ ነው፣ ስለዚህ የእኔ ነው አለ ባሌ። ሸራው በአባቴ ዘዴ ለመጨረሻ ጊዜ ሲወርድ እኔ ነኝ የምይዘው አልኩ። አዴር ጆሯቸው እስኪሰለች ሰሙንና ሁለታችሁም ውጡ አሉ፤ እሳቸው ግንቡ ላይ ቀሩ።

እኔ መሪ ያዝኩ፣ እሱ ሸራና ድንጋይ ያዘ። ስንመለስ አውርደው ስለው ገና ነው ይለኛል። ድንጋዩን ጣለው ስለው ትንሽ ቆይ ይላል። እሱ አዙሪ ሲለኝ እኔ አላዞርም። እንዲህ እየተጨቃጨቅን፣ ሁለት የሚችሉ ሰዎች በአንዲት ጀልባ፣ መጥተን ግንቡን በጎናችን ፍቀነው ቆምን። የቀለም ቁራጭ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። አዴር አጎንብሰው ጭረቱን በጣታቸው ለኩና ወደ ቤት መንገድ ጀመሩ።

እኔ ሸራውን ዘግይቶ ነው ያወረደው እላለሁ። እሱ መሪውን አላዞረችም ይላል። እስከ ዛሬ አልተስማማንም።